ሻቶ ጋያርን በ1 ለ 200 መገንባት፣ ከዚያም ማፍረስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው

ሻቶ ጋያር በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ከሌ ዛንድሊ ከተማ በላይ ባለ የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የቆመ የግንብ ፍርስራሽ ነው። ከሥሩ የሴን ወንዝ ይታጠፋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልብ በ1196 አስጀመረው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቆመ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወጪው ወደ 12,000 ፓውንድ ይገመታል። ሪቻርድ በዘመነ መንግሥቱ ሁሉ በእንግሊዝ ላሉት ግንቦች ያወጣው 7,000 ገደማ ስለሆነ፣ ይህ አንድ ግንብ ከእነሱ ድምር ይበልጣል ማለት ነው።

የምንሠራው ሞዴል ዛሬ የሚታየውን ፍርስራሽ የሚያሳይ ነው። አካሄዱ ግን ከተለመደው ይለያል፤ መጀመሪያ ግንቡን ሙሉውን ገንብተን ከዚያ እናፈርሰዋለን። ፍርስራሽን በቀጥታ የሚቀርጽ ሰው እጁ ሳያውቀው ወደ ሥርዓት ያደላል፤ የግድግዳው ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ እኩል እኩል ይወጣል፣ ቀዳዳው መሃል ላይ ይሆናል። እውነተኛ ግድግዳ እንዲህ አይፈርስም። የተጠረበው ድንጋይ የተወሰደበት፣ ከሥሩ የተቆፈረበት፣ ዝናብ የገባበት ቦታ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ምክንያቱን ካላወቁ መልኩ አይመጣም።

ልኬት

ግንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 200 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ወደ 80 ሜትር ነው። በ1 ለ 200 ሲሰላ 100 በ40 ሴንቲሜትር ይሆናል። መደቡ 120 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ ነው፤ በዙሪያው 10 ሴንቲሜትር ለቁልቁለቱ ይተርፋል።

ገደሉን ሙሉ በሙሉ ማሳየት አይቻልም። ከወንዙ በላይ ያለው ከፍታ ወደ 90 ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ 45 ሴንቲሜትር ይሆናል። እንዲህ ከተሠራ ተመልካቹ ገደሉን እንጂ ግንቡን አያይም፤ በበር የሚያስገባውም የለም። የላይኛውን 24 ሜትር ብቻ ወሰድን፣ ማለትም 12 ሴንቲሜትር። ከዚያ በታች መደቡ በቀጥታ ተቆርጦ ይቆማል። ቁልቁለቱን አሳንሶ ሙሉ ገደል ማስመሰል ግን ክልክል ነው፤ ልኬቱን በአንድ ቦታ የዋሸ ሞዴል ሌላውም ቦታ አይታመንም።

ሦስቱ ግቢዎች በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የውጭው ግቢ አለ፤ አምስት ማዕዘን ሆኖ በቅጥሩ ላይ አምስት ማማዎች ነበሩት። ከዚያ በቦይ ተለይቶ መካከለኛው ግቢ ይመጣል። በእሱ ውስጥ ደግሞ የውስጡ ግቢ ከዋናው ግንብ ጋር አለ። የደቡብ ምሥራቁ ጫፍ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ኮረብታው ከሜዳው ጋር የሚገናኘው በዚያ በኩል ብቻ ስለሆነ ጠላት ከሌላ ወገን ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ መደቡ ላይ ሰሜንን ከመሳል በፊት ያንን ጫፍ ምልክት እናደርጋለን።

መደብና ኮረብታ

ኮረብታው በ3 ሴንቲሜትር ጠንካራ ፎም አራት ንብርብር ነው። ስለ ማጣበቂያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል፤ በውስጡ ያለው ሟሟ ፎሙን ወደ ሙጫ ይለውጠዋል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ንብርብሩ ይሰምጣል። የሚሠራው ነጭ ኮላ ነው። ነጭ ኮላ ግን የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ በሁለት ትልልቅ የፎም ገጾች መካከል ደግሞ አየር አይገባም። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት መሃሉ ገና እርጥብ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። መፍትሔው ኮላውን እንደ ቀጭን መስመር በ5 ሴንቲሜትር ርቀት መዘርጋት፣ ንብርብሩን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በየ10 ሴንቲሜትሩ መሰካትና ጭነት አድርጎ ማሳደር ነው። እንጨቶቹ ውስጥ ይቀራሉ፤ ኋላ በሚቆረጥበት መስመር ላይ ግን መሰካት የለባቸውም፣ የሚቆርጠውን ሽቦ ያቆሙታል።

ለመቁረጥ 0.4 ሚሊ ሜትር የኒክሮም ሽቦ በ12 ቮልት ትራንስፎርመር ይሞቃል። ሽቦው ከልክ በላይ ሲሞቅ መስመሩ ይሰፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰው ይገፋዋል፤ ሽቦው ይጎብጥና ቀጥ ያለ መሆን ያለበት ገጽ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ትክክለኛው ሙቀት ሽቦው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ የሚወርድበት ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል።

ቦዮቹ

የግንቡ ቦዮች ውሃ የላቸውም፤ ከአለቱ ተቆርጠው የወጡ ደረቅ ቦዮች ናቸው። በሞዴሉ 4 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሰጥተናቸዋል። የወረደ ፍርስራሽ ሥራቸውን ስለሞላው ታቹ ጠፍጣፋ መሆን የለበትም፤ ግራና ቀኙ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ ይሁን። ጎኖቻቸው ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ፎሙን በቢላ ከቆረጡ በኋላ የሽቦ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን አግድም መጎተት ያስፈልጋል፤ የኖራ ድንጋዩ ንብርብር አግድም ነውና። በመሃል በመሃሉ የሚታየውን የባልጩት መስመር ኋላ በጥቁር ግራጫ ቀለም እናመጣዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ሳይቆረጥ ይቀራል። ከመካከለኛው ግቢ ወደ ውስጠኛው የሚያሻግረው ድልድይ እንደ እንጨት ድልድይ የሚነሳ አልነበረም፤ ቦዩ ሲቆፈር ከአለቱ የተተወ ቋሚ ድልድይ ነው። በሞዴሉ ላይ ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ዓይንን ወደ ቦዩ ወለል ዝቅ አድርጎ ማየት ነው የሚሻለው። ከድልድዩ ሥር የቆመ ሰው ከግድግዳው አናት አይታይም፤ ድንጋይም ፍላጻም አይደርሰውም። በ1204 የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ቆፋሪዎች የተጠለሉት እዚሁ ነው። ግንቡ ሲታቀድ ሁሉ ነገር የታሰበበት ሆኖ ይህ እንዴት እንደታለፈ ለመረዳት ሥዕሉ አይበቃም፤ ሞዴሉ ግን ወዲያው ያሳያል። ድልድዩን ሁለት ሚሊ ሜትር ማጥበብ ወይም ማስፋት ጥላውን ስለሚቀይር ከማጣበቅ በፊት በባትሪ መብራት መፈተሽ ይጠቅማል።

ግድግዳ

ይህ የሥራው ልብ ነው። የዚያን ዘመን ግድግዳ ከውጭና ከውስጥ የተጠረበ ድንጋይ፣ መሃሉ ደግሞ በኖራ የተያዘ የጥርብ ፍርካሽና ተራ ድንጋይ ሙሌት ነው። ዛሬ ሻቶ ጋያር ላይ በብዙ ቦታ የሚታየው የተገፈፈው ሙሌት ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ከአንድ ቁስ ማፍሰስ አይሆንም፤ ሁለት ንብርብር ያስፈልጋል።

ገጹ ከንጹሕ ጀሶ ነው። ለ100 ግራም ውሃ 150 ግራም ጀሶ፤ ጀሶው ወደ ውሃው ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይፈስም፣ ከፈሰሰ እብጠት ይይዛል። አንድ ደቂቃ ጠጥቶ እስኪሰምጥ ይተዋል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይቀላቀላል። በፍጥነት መምታት አረፋ ያስገባል፣ አረፋው ደግሞ ልክ በድንጋዩ ገጽ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ዕቃው ውስጥ የቀረ የደረቀ ጀሶ ካለ አዲሱ ውህድ ቶሎ ይይዛል፤ ስለዚህ በየጊዜው መታጠብ አለበት። ተከፍቶ የከረመ ጆንያ እርጥበት ስለሚስብ ጀሶው ይዘገያል፣ ቢይዝም በጥፍር ይፈረፈራል። ለዚህ ሥራ አዲስ ጆንያ ይከፈታል።

ቅልቅሉ ቫዝሊን በስሱ በተቀባ መስታወት ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈስሳል። ቫዝሊኑ ከበዛ ገጹ ላይ የጣት አሻራ ይቀራል። ጀሶው ከያዘ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ ድንጋዮቹ በመርፌ ይሰመራሉ። 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ረድፍ በዚህ ልኬት 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ረድፉን 3 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል፤ ለእጅ ይቀላልና። ውጤቱ ግን ግንቡ ግማሽ ሆኖ መታየቱ ነው፣ ምክንያቱም ዓይን መጠኑን የሚገምተው በድንጋዩ ነው። አግድሙ መስመር በማስመሪያ፣ ቋሚው በእጅ ይሁን።

ሙሌቱ አንድ እጅ ጀሶ ከአንድ እጅ ተኩል አሸዋ ጋር ነው፤ አሸዋው በሻይ ማጥለያ የተነፋ። 1 ለ 1 ሲሆን ሲሰበር ወለል ያለ ገጽ ይሰጣል፤ 1 ለ 2 ሲሆን ሳይነኩት ይረግፋል። ሁለት የገጽ ሰሌዳዎች በካርቶን ቅርጽ ውስጥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ መሃላቸው 11 ሚሊ ሜትር ይተዋል፣ ሙሌቱ ይፈስሳል። ድምሩ 15 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 3 ሜትር ግድግዳ።

አሁን ለማፍረሱ የሚያዘጋጀው ብልሃት። ደረቅ ጀሶ ከሙሌቱ ውሃ ይመጥጥና መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል፤ እርጥብ ጀሶ ግን ከሙሌቱ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ሙሌቱ ከመፍሰሱ በፊት የገጹ ጀርባ በብሩሽ ውሃ ይቀባል፣ ሁሉም ቦታ ሳይሆን ገጹ ዛሬ በቦታው ያለበት ክፍል ብቻ። ሊገፈፍ የታሰበው ደረቅ ይቀራል። ይህን ለመወሰን የአሁኑ ፍርስራሽ ፎቶዎች በየግድግዳው ከአራት አቅጣጫ ታትመው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ በእርሳስ የተከበበው ይረጥባል። የታችኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተገፍፏል፣ ምክንያቱም ድንጋይ ወሳጅ መሰላል አይፈልግም፤ እጁ ከሚደርስበት ይጀምራል።

ሞገዱ ቅጥር

የውስጡ ግቢ ቅጥር በዓለም ላይ ብዙ አምሳያ የለውም። ውጫዊ ገጹ ቀጥ ያለ ሳይሆን እርስ በርስ የተጠጉ ግማሽ ክቦች ሰንሰለት ነው፤ ሃያ የማይሞሉ ክቦች ተከታትለው እንደ ሞገድ ይሄዳሉ። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ የተወረወረ ድንጋይ ክቡን ሲመታ ኃይሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ከክቡ ላይ ያለ ቀስተኛ ደግሞ የጎረቤቱን ሥር ያያል።

ይህን ቅጥር እንደ አንድ ረጅም ቁራጭ ማፍሰስ የሚያጓጓ ቢሆንም አያዋጣም። ግቢው ሞላላ ስለሆነ ቅጥሩ ይታጠፋል፤ ጀሶ ደግሞ አይታጠፍም። እያንዳንዱ ክብ ለብቻው ይፈስሳል። ቅርጹ 20 ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ቧንቧ በቁመት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ቫዝሊን ተቀብቶ ነው። ቁራጮቹ ሲደርቁ ጎኖቻቸው በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሽብልቅ ይሞረዳሉ፤ ማዕዘኑ በቅጥሩ መታጠፊያ መጠን ይለያያል። ጠበብ ወዳለው ጫፍ ሲቀርብ ሽብልቁ ይጨምራል። ሁሉም ሳይጣበቅ በፕላኑ ላይ ይደረደራል። የመጨረሻው ክብ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ የትርፉን ሚሊ ሜትር ለሁሉም ማካፈል እንጂ የመጨረሻውን ብቻ ማጥበብ አይገባም፤ አንድ ክብ ከጠበበ ከሩቅ ይታያል።

የቅጥሩ ሥር ወደ ውጭ ያጋደለ ነው። ለዚህ በስቱኮ ተዳፋት እንሠራለን፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተቀባ ይሰነጠቃል።

ዋናው ግንብ

ክብ ነው፤ ወደ ግቢው በኩል ብቻ እንደ መርከብ አፍንጫ ሹል ሆኖ ይወጣል። የውስጡ ዲያሜትር ወደ 8 ሜትር፣ ግድግዳው ወደ 5 ሜትር ነው፤ በሞዴሉ 40 እና 25 ሚሊ ሜትር። ለውስጡ 40 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ይበቃል። ቧንቧው በሁለት ዙር ወረቀት ይጠቀለላል፣ ወረቀቱ ቫዝሊን ይቀባል። ጀሶ ሲይዝ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሳይጠፋ ቧንቧውን እየጠመዘዙ ማውጣት ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚመታ ሰው ግንቡን ለሁለት ይከፍለዋል።

የላይኛው ክፍል የበለጠ ሥራ አለው። በውጩ ግድግዳ ላይ ከታች ጠበው ከላይ የሚሰፉ ድጋፎች ተደርድረዋል፤ በአናታቸው ቅስቶች ነበሩ፣ በቅስቱና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ድንጋይ በቀጥታ ወደ ታች ይለቀቅ ነበር። በአውሮፓ ይህ አሠራር ከታየባቸው ቀደምት ግንቦች አንዱ ይህ ነው። ቅስቶቹ ዛሬ የሉም፤ ድጋፎቹ ግን ምን ይሸከሙ እንደነበር የማያውቅ ሰው የማይገባው ጌጥ ሆነው ቀርተዋል። በሞዴሉ ቅስቶቹን ሠርተን እንሰብራቸዋለን፣ ድጋፉ አናት ላይ የተሰበረው ጠባሳ እንዲታይ። ቅስቱ ሳይሠራ ድጋፉ ብቻ ከተሠራ አናቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ውሸት ነው።

ማፍረስ

ግንቡ በታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ አልፈረሰም። የፊሊፕ ከበባ በ1203 ተጀመረ። በውስጥ ግንቡን ለእንግሊዙ ንጉሥ የያዘው የሮጀር ደ ላሲ ጦር ነበር፤ ሪቻርድን የተካው ወንድሙ ንጉሥ ጆን በወንዝና በየብስ የላከው እርዳታ አልደረሰም። ወደ ግንቡ ሸሽተው የገቡ የከተማው ነዋሪዎች ስንቅ ስላስጨረሱ ተባረሩ፤ የመጨረሻዎቹን ፈረንሳዮቹ አላሳልፍ ብለዋቸው ብዙዎቹ በሁለቱ ጦር መካከል ክረምቱን በረሃብ አለቁ። የውጭው ግቢ ማማ ከሥሩ ተቆፈረ፤ እንጨት ደግፈው በእሳት አቃጥለው ጣሉት። መካከለኛውን ግቢ በጆን ዘመን በተጨመረው የጸሎት ቤት በኩል ሾልከው ያዙ። የውስጡን በድልድዩ ሥር ቆፍረው፣ በድንጋይ መወርወሪያ መትተው ከፈቱ። መጋቢት 1204 እጅ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ሰኔ የኖርማንዲ ዋና ከተማ ሩዋን ወደቀች፤ ኖርማንዲም ከእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ወጣች።

ሞዴሉን የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ነው፤ የ1204ን ጉዳት በዛሬው ፍርስራሽ ላይ ያሳያሉ። ግንቡ ግን ከዚያ በኋላ ተጠግኖ ለዘመናት አገልግሏል። በ1314 የፈረንሳይ ንጉሣዊ ቤተሰብ ምራቶች ማርግሪትና ብላንሽ የታሰሩት፣ ከ1334 ጀምሮ የተሰደደው የስኮትላንድ ንጉሥ ዴቪድ 2ኛ የተጠለለው እዚህ ነው። በ1419 እንግሊዞች ረጅም ከበባ ካደረጉ በኋላ የያዙት ግድግዳ አፍርሰው አይደለም፤ የጉድጓዱ መቅጃ ገመድ አልቆ ውሃ ስለጠፋ ነው። ዛሬ ያለው ጉዳት ዋናው ምንጭ በ1599 የፈረንሳዩ ንጉሥ አንሪ 4ኛ የሰጠው የማፍረስ ትእዛዝ ነው። የካፑቺን መነኮሳት ድንጋዩን ለገዳማቸው እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው፤ ማፍረሱ በ1611 ቆመ። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የምናሳየው በዋናነት የድንጋይ ወሳጅ እጅ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይህን ይከተላል። መጀመሪያ ገጹ ይገፈፋል፤ ደረቅ የተተወው ክፍል በቀጭን ቢላ ጫፍ ሲነሳ እንደ ቅርፊት ይወጣል። ካልወጣ በኃይል አይጎተትም፣ ጠርዙን መከተል ይበቃል። ከዚያ ሙሌቱ በፒንሳ ይሰበራል። መዶሻ አይነካም፤ ምቱ በግድግዳው ውስጥ ይሄድና ያልታሰበበት ቦታ ይሰነጥቃል። ከመስበር በፊት ቦታው በውሃ ይረጥባል። እርጥብ ጀሶ ሲሰበር አቧራ አይሆንም፣ ጠርዙም ይለዝባል። የአራት መቶ ዓመት ዝናብ ያገኘው የግድግዳ አናት ክብ ነው፤ ሹል ጫፍ የሚኖረው በቅርቡ የወደቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም አናት በእርጥብ ጠንካራ ብሩሽ ይታሻል።

የወደቀው ክምር ላይ ደግሞ ስስት ያስፈልጋል። ከግድግዳው የጎደለውን ያህል ሥሩ ላይ መከመር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን የጎደለው ሄዷል። የተጠረበው ድንጋይ ገዳም ሆኗል። የቀረው ሙሌቱ ነው፤ ስለዚህ ክምሩ ከጎደለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃል፣ በውስጡም ጥርብ ድንጋይ እንዳይታይ። ሲሰበር የረገፈው ራሱ በሻይ ማጥለያ ተነፍቶ ይጠቅማል። በነጭ ኮላ ላይ ይነሰነሳል፤ ከዚያ 1 ለ 4 የተቀጠነ ኮላ በጠብታ ይጨመርበታል። ጥቂት የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ካልገባበት ጠብታው ክምሩ ላይ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል።

መካከለኛው ግቢ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ከቅጥሩ የቀረው ትንሽ ስለሆነ የመሠረት መስመርና ጥቂት ጉቶ ግድግዳ ይበቃል። የውጭው ግቢ ጫፍ ላይ ግን ትልቁ ማማ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጎኑ ተበልቶ ውስጡ ይታያል።

ቀለም

ጀሶ ቀለም ይመጥጣል፤ ሳይሸፈን ከተቀባ ነጠብጣብ ይሆናል። መጀመሪያ የተቀጠነ ነጭ ኮላ፣ ሲደርቅ ነጭ ከጥቂት ኦክር (ቢጫማ ቡናማ) እና ከትንሽ ግራጫ ጋር የተቀላቀለ አክሪሊክ። የሚረጭ ቀለም ፎሙ ባለበት አካባቢ አይገባም፤ ሟሟው በስንጥቅ ገብቶ ኮረብታውን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ በውሃ 1 ለ 10 የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ይፈስስና ወዲያው በጨርቅ ይነሳል፣ በድንጋዮቹ መካከል ብቻ እንዲቀር። ሙሌቱ ከገጹ ይልቅ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም ይሰጠው፤ ሁለቱ በአንድ ቀለም ከተቀቡ የገፈፋው ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

ሣሩ ሰጋቱራ ነው፤ በሁለት መጠን ተነፍቶ፣ በአረንጓዴና በቢጫማ ቀለም ተነክሮ፣ ጋዜጣ ላይ የደረቀ። ሣር በግድግዳው አናት ላይና በቦዩ ጎን ደረጃዎች ላይ ይበቅላል፤ ቀጥ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ ግን አይዝም። የሚረገጠው መንገድ በጥፍር ይጸዳል።

የሚቀረው

የግንቡ የውሃ ጉድጓድ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል። በፎሙ ውስጥ እስከ ኮምፐርሳቶው ድረስ ይወርዳል፣ ውስጡ ጥቁር ይቀባል። ከንፈሩ ቀድሞ ከጀሶ ቀለበት ተሠርቶ ተለጥፎ ካልሆነ መሰርሰሪያው ፎሙን ይቦጭቃል። መሸፈኛው 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ (እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ሆኖ ከዋናው ግንብ አናት 8 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። አንድ ጎኑ ተነቃይ ይሆናል፤ ባትሪ መብራት ወደ ድልድዩ ሥር ለማስገባት በዚያ በኩል ቦዩ መከፈት አለበት። መደቡ ከታች በአራት ማዕዘኑና በመሃሉ እግር ያስፈልገዋል፤ መሃሉ ካልተደገፈ ኮምፐርሳቶው በጀሶው ክብደት ይጎብጥና የሞገዱ ቅጥር መጋጠሚያዎች መጀመሪያ ይከፈታሉ።